ጥፋቱን ያመነው አሸናፊ ክብሩን ለምን አልተነጠቀም? የዴንማርካዊው ብስክሌተኛ የብያርነ ሪስ ጉዳይ

ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ያለውን የአሸናፊዎች መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው በ1996 ረድፍ ላይ ብያርነ ሪስ የሚለውን የዴንማርካዊ ስም ያገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኸው ሰው ግንቦት 25 ቀን 2007 በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ ያን ድል ባገኘበት ዘመን ኢፒኦ የተባለውን የተከለከለ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር በራሱ አንደበት ተናግሯል። ስሙ ግን ዛሬም ከመዝገቡ አልወጣም። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ በተመሳሳይ ጥፋት ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸውን ሰባት ድሎች በሙሉ በ2012 ተነጥቋል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ አንባቢ አንዱ ተወዶ ሌላው ተጠልቶ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መልሱ ግን በመውደድና በመጥላት የሚገለጽ አይደለም፤ የሰው ደም እንዴት እንደሚሠራ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ምርመራ ምን ማየት ይችል እንደነበርና የስፖርት ሕግ አንድን ጥፋት ለስንት ዓመት እንደሚጠይቅ ካልታወቀ በስተቀር ጉዳዩ አይገባም።

ሪስ በ1964 በዴንማርክ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዩትላንድ ባሕረ ገብ መሬት በምትገኘው የሄርኒንግ ከተማ ተወለደ። አገሩ ሜዳማ ናት፤ ከፍተኛ የሚባለው ቦታ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ በብስክሌት መተዳደር የፈለገ ዴንማርካዊ ወጣት ወደ ደቡብ መሰደድ ግድ ይሆንበት ነበር። ሪስም ወደ ሉክሰምበርግ ተጉዞ በአማተርነት ከተወዳደረ በኋላ በ1986 ወደ ሙያተኞቹ ዓለም ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝና የሌለባቸው ነበሩ። ዕድል የቀናው በ1989 ታዋቂው ፈረንሳዊ ሎራን ፊኞ በረዳትነት ሲይዘው ነው።

የረዳት ብስክሌተኛ ሥራ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ረዳቱ የሚወዳደረው ለራሱ አይደለም። ከመሪው ፊት ሆኖ ነፋሱን ይከላከልለታል፣ ከቡድኑ መኪና ውኃ ያመላልስለታል፣ የመሪው ጎማ ከተነፈሰ የራሱን ፈትቶ ይሰጠዋል፤ ይህን ሁሉ ሠርቶ ሲደክም ወደ ኋላ ይቀርና ሰዓቱ እንዳያልፍበት ብቻ እየተጠነቀቀ መጨረሻውን ይሻገራል። ከኋላ የሚነዳ ብስክሌተኛ ነፋስ ስለማይመታው ከፊተኛው በእጅጉ ያነሰ ጉልበት ያወጣል፤ የቡድን ስልት ሁሉ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው። ሪስ ይህን ሥራ በታማኝነት ሠርቷል፤ ፊኞ በዚያ ዓመት ጂሮ የተባለውን የጣሊያን ታላቅ ውድድር ሲያሸንፍ አብሮት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ፊኞ ቱር ደ ፍራንስን በስምንት ሰከንድ ልዩነት ብቻ በግሬግ ለሞንድ ሲነጠቅ ሪስ በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። የሪስ የራሱ ውጤት በ1989 ቱር 95ኛ፣ በ1991 ደግሞ 107ኛ ነበር።

ይህ ሰው በ1993 በድንገት አምስተኛ ወጣ። ዕድሜው 29 ነበር፤ የአንድ ብስክሌተኛ የአቅም ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ በታወቀበት ዕድሜ ማለት ነው። በ1995 ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በወቅቱ የተሰጠው ማብራሪያ ወደ ጣሊያን ቡድን መዛወሩ፣ ሳይንሳዊ ሥልጠና ማግኘቱ፣ ክብደት መቀነሱና በራሱ መተማመኑ ነው የሚል ነበር። ሪስ ሲበዛ ትጉህ ሠራተኛ ስለ ነበር ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አይጠፋም። ቀሪውን እውነት ግን በኋላ ራሱ ተናግሮታል፦ መድኃኒቱን የተጠቀመው ከ1993 እስከ 1998 ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ኩላሊታችን በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይከታተላል። መጠኑ ሲቀንስ ኤሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፒኦ የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም ወደ አጥንት መቅኒ ደርሶ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴሎች እንዲመረቱ ያዝዛል። ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ጡንቻ የሚያጓጉዙት እነዚህ ቀይ ሴሎች ናቸው። ኩላሊታቸው የደከመ ሕመምተኞች ሆርሞኑን በበቂ መጠን ስለማያመነጩ ለብርቱ የደም ማነስ ይዳረጋሉ። በሰማንያዎቹ ዓመታት ሳይንቲስቶች ይህን ሆርሞን በዘረመል ምሕንድስና በላቦራቶሪ ማምረት ቻሉ፤ በ1989ም በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። በኩላሊት እጥበት ለሚኖሩ ሰዎች ትልቅ እፎይታ የሰጠ መድኃኒት ነው።

ጤነኛ ብስክሌተኛ ሲወጋው ግን ደሙ ከተፈጥሮው በላይ ቀይ ሴሎችን ይሸከማል። ከአጠቃላይ ደማችን ውስጥ ቀይ ሴሎች የሚይዙት ድርሻ ሄማቶክሪት ይባላል፤ በጤነኛ ወንድ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ሦስት ሳምንት በሚፈጀው ቱር ደ ፍራንስ ይህ ቁጥር ከድካም ጋር በተፈጥሮ እየወረደ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ሁሉ ዳገት ላይ የሚፈዝዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኢፒኦ የወሰደው ብስክሌተኛ ቁጥሩ አይወርድበትም፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። የመድኃኒቱ ጉልበት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ሌሎች በተዳከሙበት በዚያ የመጨረሻ ሳምንት ነው። ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ሴል የበዛበት ደም ይወፍራል፣ ልብ ለመግፋት ይቸገራል፣ በተለይ ሌሊት የልብ ምት በሚቀንስበት ሰዓት የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል።

ይህ ከታወቀ በኋላ የ1996ቱን ውድድር መለስ ብሎ መመልከት ስሜትን ያደበላልቃል። ስፔናዊው ሚጌል ኢንዱራይን አምስት ተከታታይ ድሎችን አግኝቶ ለስድስተኛ የተሰለፈበት ዓመት ነበር። ጁላይ 8 ቀን ከቫል ዲዜር ወደ ሴስትሪየር የሚወስደው የዕለቱ ጉዞ በኢዝራንና በጋሊቢዬ ተራሮች ላይ በወረደው በረዶና በበረታው ነፋስ ምክንያት ተቆርጦ 46 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረ። ሪስ በዚያች አጭር ጉዞ ሁሉንም ጥሎ አሸነፈና የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ለበሰ።

ከስምንት ቀን በኋላ በፒሬኔ ተራሮች፣ በኦታካም አቀበት ላይ የሆነው ዛሬም በብስክሌት ወዳጆች ዘንድ ይወራል። አቀበቱ ከአሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን በአማካይ በየመቶ ሜትሩ ወደ ስምንት ሜትር ገደማ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ መሪ ከቡድኑ ፊት መሆን ይቀናዋል። ሪስ ግን በተቃራኒው ፔዳሉን ቀለል አድርጎ በተፎካካሪዎቹ መስመር ዳር ዳር ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ወደ ጎን ዞሮም የእያንዳንዳቸውን ፊት አንድ በአንድ ተመለከተ። ማን አፉን ከፍቶ እንደሚተነፍስ፣ የማን ትከሻ እንደሚወዛወዝ አየ። ከዚያም ከኮርቻው ተነሥቶ ተፈተለከ። ሲከተሉት ጥቂት አሳረፋቸው፣ ደግሞም ተነሣ። በመጨረሻው ጥቃት ትልቁን የፊት ማርሽ ሳይለውጥ፣ ማለትም ለሜዳ በሚሆን ክብደት እየረገጠ ብቻውን ወጣ፤ የተከተለውም አልነበረም። በማግስቱ ውድድሩ ወደ ኢንዱራይን አገር ወደ ፓምፕሎና ሲገባ ስፔናዊው ጀግና በወገኖቹ ፊት ከስምንት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ሪስ ፓሪስ ሲገባ ሁለተኛ የወጣውን የቡድን ጓደኛውን፣ የ22 ዓመቱን ጀርመናዊ ያን ኡልሪክን፣ በ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ቀደመው። ቱርን ያሸነፈ የመጀመሪያው ዴንማርካዊ ነውና አገሩ በደስታ ሰከረች።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ምርመራ አልነበረምን? ነበር፤ ሪስም በተደጋጋሚ ሽንቱን ሰጥቷል። ነገር ግን በላቦራቶሪ የተሠራው ኢፒኦ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል የዘጠናዎቹ ምርመራ ሊለየው አልቻለም። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ የፈጠራቸው ቀይ ሴሎች ግን ለሦስት ወራትና ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ተወግቶ በውድድሩ ላይ ንጹሕ ሆኖ መገኘት ይቻል ነበር። «ምርመራ ላይ ተገኝቶብኝ አያውቅም» የሚለው የዘመኑ ብስክሌተኞች አባባል ሐሰት አልነበረም። ሰሚው ግን «አልወሰድኩም» እንደተባለ አድርጎ ነበር የሚረዳው፤ ሪስም ለዓመታት ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር የሚሸሸገው በዚህ አባባል ጥላ ሥር ነበር።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በ1997 መጀመሪያ ላይ አንድ ገደብ አወጣ፦ ሄማቶክሪቱ ከ50 በመቶ ያለፈ ወንድ ብስክሌተኛ ለሁለት ሳምንት ከውድድር ይታገዳል። ሕጉ ግን ይህን ቅጣት አይለውም፤ ለጤናው ሲባል የተሰጠ ዕረፍት ነው ይለዋል። በኔ አመለካከት ይህ ሕግ የታሰበው በቅንነት ነው፤ ያስከተለው ግን ከታሰበው የራቀ ነው። ደሙን ወደ 60 በመቶ ሊያደርስ የሚችለውን ሰው ከሞት አደጋ መልሷል፤ በአንጻሩ ተፈጥሮው 42 የሆነ ሰው እስከ 49 ድረስ መድኃኒት እንዲሞላ መንገዱን ከፍቶለታል። ብስክሌተኞች ደማቸውን በየሆቴሉ በትናንሽ መሣሪያዎች እየለኩ፣ መርማሪ መጣ ሲባልም የጨው ውኃ በደም ሥር እየወሰዱ ቁጥሩን ማውረድ ለመዱ። ፍትሕም አልነበረውም፤ በተፈጥሮው 48 የሆነ ንጹሕ ተወዳዳሪ የሚጨምረው ነገር ስለሌለው ብልጫው ይወሰድበታል።

ተፈጥሮ ራሷ አንድ ወጥ ቁጥር እንደሌላት የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ ከኛው አገር ይገኛል። በአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም በቀይ ሴል የበለጸገ ሲሆን፣ በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የሂሞግሎቢን (በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። ከፍታ ሁልጊዜ ደምን ያበዛል የሚለውን ግምት ይህ ውጤት አናግቶታል፤ ለሁሉም ሰው አንድ ጣሪያ ማውጣት ምን ያህል ሸካራ መለኪያ እንደሆነም ያስረዳል። ተፈጥሯዊውን ከተሠራው የሚለይ የሽንት ምርመራ የተገኘው በ2000 በፈረንሳይ ላቦራቶሪ ነው። በ2008 ደግሞ የብስክሌት ኅብረቱ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ደም ለዓመታት እየመዘገበ ከራሱ ልማድ ጋር የሚያነጻጽረውን፣ የደም ፓስፖርት የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ሁለቱም ለሪስ ዘመን አልደረሱም።

ጥርጣሬው ግን ቀደም ብሎ ጀምሯል። ሌሎች ብስክሌተኞች በሹክሹክታ «ሚስተር ስድሳ በመቶ» የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር። በ1998 ቱር የፌስቲና ቡድን ሠራተኛ መኪና ሙሉ መድኃኒት ይዞ በፈረንሳይና በቤልጅየም ድንበር ላይ ሲያዝ የስፖርቱ ገመና ተገለጠ። በ1999 የዴንማርክ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ያቀረቡት ዘገባ ደግሞ የሪስ ሄማቶክሪት በ1995 ጥር ከነበረበት 41 በመቶ በዚያው ዓመት ጁላይ ከ56 በላይ መድረሱን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ ወጣ። የውድድሩ ወር ላይ ይወርዳል የሚባለው ቁጥር አሻቅቦ ማለት ነው። ሪስ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ውድድር ወድቆ ክፉኛ በመጎዳቱ ከተወዳዳሪነት ተሰናበተ። ምንም አላመነም።

ያመነው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1996 ባሸነፈበት በጀርመኑ የቴሌኮም ቡድን የነበሩ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲናዘዙ ነው። ኤሪክ ዛቤልና ሮልፍ አልዳግ በጀርመን በተናገሩ በማግስቱ ሪስ በኮፐንሃገን አቅራቢያ ባለችው በሊንግቢ መግለጫ ሰጠ። ኢፒኦ፣ የእድገት ሆርሞንና ኮርቲዞን መውሰዱን ገለጸ። የ1996ቱ ድል የሚገባው እንዳልሆነና ቢጫ ማሊያው ቤቱ በካርቶን ውስጥ እንዳለ፣ የፈለገ መጥቶ ሊወስደው እንደሚችል ተናገረ።

ማንም አልወሰደውም። ምክንያቱ በሕግ ቋንቋ ይርጋ የሚባለው ነው። በፍርድ ቤት አንድ ክስ በተወሰነ ዘመን ውስጥ ካልቀረበ እንደሚታገድ ሁሉ፣ በወቅቱ የነበረው የስፖርት ደንብም ከስምንት ዓመት በፊት የተፈጸመ ጥፋትን አይጠይቅም ነበር። የ1996ቱ ጥፋት በ2004 በይርጋ ታግዷል፤ ኑዛዜው የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የቱር አዘጋጆች በቁጣ ስሙን ከመዝገባቸው ቢያወጡትም ሥልጣኑ የእነሱ ብቻ ባለመሆኑ በ2008 መልሰው አስገቡት፤ ከጎኑ ግን ማመኑን የሚጠቅስ ማስታወሻ አኖሩ። የአርምስትሮንግ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ተቋም ክሱን ሲያቀርብ፣ ተከሳሹ በመሐላ ሐሰት በመናገርና ምስክሮችን በማስፈራራት እውነቱን ሆን ብሎ ስለደበቀ ይርጋው ሊቆጠርለት አይገባም ብሎ ተከራከረ። የብስክሌት ኅብረቱም በ2012 ውሳኔውን ተቀበለ። በሪስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክስ ያቀረበ አካል አልነበረም።

ሌላም እውነተኛ ችግር አለ፦ ሪስ ቢነጠቅ ክብሩ ለማን ይሰጣል? ሁለተኛው ኡልሪክ በኋለኛው ዘመን መጠቀሙን አምኗል፤ በ2012ም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ከ2005 ወዲህ የነበረውን ውጤቱን ሰርዞበታል። ሦስተኛው ሪሻር ቪራንክ በ2000 በሊል ፍርድ ቤት ቀርቦ በፌስቲና ቡድን ሳለ መድኃኒት መውሰዱን አምኗል። የአርምስትሮንግ ሰባት ዓመታትም ያለ አሸናፊ ባዶ የቀሩት ለዚህ ነው። ስሙን ከነማስታወሻው ማኖር ከባዶ ረድፍ የተሻለ ይመስለኛል፤ ባዶ ረድፍ የሆነውን ነገር አይናገርም። ጥፋቱ ግን የሁሉም ነበር በሚል ማስተባበያ አልስማማም። ሳይወስዱ የተወዳደሩና ከሙያው ተገፍተው የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፣ የተሰረቁትም እነሱ ናቸው።

የሪስ ሁለተኛ ሕይወት በአሠልጣኝነትና በቡድን ባለቤትነት ያለፈ ነው። ሲኤስሲ የተባለውን ቡድን ከአነስተኛ የዴንማርክ ቡድንነት አንሥቶ ከዓለም ታላላቆች ተርታ አደረሰው፤ ካርሎስ ሳስትሬ በ2008 ቱርን ያሸነፈው በሱ ሥር ነው። ለክረምት ልምምድ ብስክሌተኞቹን ጫካ ውስጥ በወታደራዊ ሥልጠና ያሳልፋቸው ነበር። መሪው ኢቫን ባሶ በ2006 በስፔኑ የደም ቅሌት (ብስክሌተኞች የራሳቸውን ደም አስቀምጠው መልሰው በመውሰድ በተጠረጠሩበት) ስሙ ከተነሣ በኋላ ሪስ በቡድኑ ላይ ገለልተኛ የደም ክትትል አስጀመረ፤ ከብስክሌት ኅብረቱ ፓስፖርት በፊት የተጀመረ በመሆኑ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ይሁን እንጂ የዴንማርክ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ተቋም በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ሪስ በቡድን መሪነቱ ዘመን አንዳንድ ብስክሌተኞቹ መድኃኒት እንደሚጠቀሙ እያወቀ ዝም ማለቱን ገልጿል። ይህም በይርጋ ታልፏል። ቡድኑን በ2013 መጨረሻ ለሩሲያዊው ባለሀብት ኦሌግ ቲንኮቭ ሸጦ በ2015 ተለያየ። በ2020 ለአንድ ዓመት የመራው ኤንቲቲ የተባለ ቡድን መሠረቱ ደቡብ አፍሪካዊ ሲሆን፣ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በወጣትነቱ ያለፈበት ቡድን ነው።

ዴንማርክ ሁለተኛ የቱር አሸናፊ ያገኘችው በ2022፣ ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ውድድሩ በዚያ ዓመት የተጀመረው ከኮፐንሃገን ሲሆን፣ ዮናስ ቪንገጎርም ቢጫ ማሊያውን ያጸናው በዚያው በኦታካም ዳገት ላይ በማሸነፍ ነበር። ጋዜጠኞች የሪስን ዘመን እያነሡ ሊያምኑት ይችሉ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቁት፤ እርሱም ቡድኑ በሙሉ ንጹሕ መሆኑን መለሰላቸው። በዚህ ጊዜ የሚለየው የቃሉ ጽናት አይደለም። የደም መዝገቡ ለዓመታት ተከማችቷል፤ የይርጋውም ዘመን ከ2015 ጀምሮ ከስምንት ወደ አሥር ዓመት ከፍ ስላለ፣ የዚያ ውድድር ናሙናዎች እስከ 2032 ድረስ በአዲስ የምርመራ ዘዴ ሊታዩ፣ የተገኘ ጥፋትም ካለ ማዕረግን እስከ መግፈፍ ሊያደርስ ይችላል።